«ልጅሽ ምን አጠፋ?» አሉኝ፤ ስለ ሴሊና በትለርና ስለኛ ትምህርት ቤቶች እናውራ

የከዚራ እናት
ማክሰኞ፣ ማታ 3 ሰዓት

ሰላም የድሬና የሐረር ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ። ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ነው፣ ታገሡኝ።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። ሦስተኛ ክፍል ነው። ማንም አልጠራኝም። ማንበብ የከበደው መሰለኝና መምህርቷን ላነጋግራት ብዬ በራሴ ነው የሄድኩት። በሩ ላይ ዘበኛው ብድግ ብለው ሰላም አሉኝና «ልጅሽ ምን አጠፋ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ምንም አላጠፋም አልኳቸው። ግራ ገባቸው። «ታዲያ ወላጅ አምጣ ካልተባለ ምን እግር ጣለሽ?» ክፋት የለባቸውም፣ እውነት ገርሟቸው ነው። ዩኒት ሊደሩም ያንኑ ጠየቀኝ። መምህርቷ ደግሞ ገና ስታየኝ ፊቷ ልውጥ አለ። ልከሳት የመጣሁ መስሏት ነው። የንባብ ነገር አሳስቦኝ ነው ስላት ጊዜ ነው የተነፈሰችው።

ከዚያ ሃያ ደቂቃ ያህል አወራን። ልጄ ቃሉን ጨርሶ አያነበውም ለካ። የፊተኞቹን ሁለት ፊደላት ያይና ቀሪውን ይገምታል። «መስኮት» የሚለውን «መስቀል» ብሎ ያልፈዋል። ይሄን ካርድ ላይ የት አገኘዋለሁ? ካርዱ ላይ ያለው «አማርኛ 68» ብቻ ነው፣ እኔም ፈርሜ መልሻለሁ።

በባጃጅ ወደ ቤት ስመለስ አንድ ነገር ሲከነክነኝ መጣ። እኛ ዘንድ «ወላጅ» የሚለው ቃል «አምጣ» ከሚለው ጋር ተጣብቆ ነው ያደገው። ወላጅ ትምህርት ቤት የሚረግጠው ወይ ልጁ ሲያጠፋ፣ ወይ ገንዘብ ሲፈለግ፣ ወይ ሰኔ ላይ የወላጆች ቀን ሲከበር ነው።

ያን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከዓመታት በፊት ታሪኳን ያነበብኩት አንዲት እናት ትዝ አለችኝ። ሴሊና ስሎን በትለር ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1872 አሜሪካ፣ ጆርጂያ ውስጥ ቶማስቪል በምትባል ከተማ ተወለደች። እዚያ አገር ባርነት ከቀረ ገና ሰባት ዓመቱ ነበር። ሚሲዮናውያን ፊደል አስቆጠሯት፣ ከዚያ አትላንታ ወደሚገኘው ስፔልማን የሚባል የጥቁር ሴቶች ትምህርት ቤት ገባች። በ1888 ስትመረቅ የ16 ዓመት ልጅ ነበረች። አስተማሪ ሆነች። በኋላ ሐኪሙን ሄንሪ በትለርን አገባችና አትላንታ መኖር ጀመሩ።

አሁን የምወደው ቦታ ላይ ደረስኩ። ልጇ ለመዋዕለ ሕፃናት ሲደርስ፣ በአካባቢዋ ጥቁር ሕፃን የሚቀበል ቦታ ፈልጋ አጣች። ነጮቹና ጥቁሮቹ በሕግ ተለያይተው የሚማሩበት ዘመን ነው። ታዲያ አልቅሳ አልተቀመጠችም። የቤቷን ሳሎን ከፈተች። የራሷንም የጎረቤትንም ልጆች እዚያው ሰብስባ አስተማረች።

ልጇ አድጎ ያንግ ስትሪት የሚባል ትምህርት ቤት ሲገባ እሷም ተከትላው ገባች። በ1911 እዚያው ትምህርት ቤት ወላጆችንና መምህራንን አንድ ላይ አደራጀች። በአገሪቱ ለጥቁር ልጆች የመጀመሪያው የወላጅና መምህር ማኅበር ያ ነው። ከአንድ ትምህርት ቤት ተነስታ ክፍለ ግዛቱን አደራጀች። በ1926 ደግሞ የጥቁር ወላጆችና መምህራን ብሔራዊ ኮንግረስ ሲመሠረት የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ሆነች።

እኔን የነካኝ ሹመቱ አይደለም። ማንም «ወላጅ ይምጣ» ሳይላት መሄዷ ነው። እናንተስ? ወላጆቻችሁ ትምህርት ቤታችሁን ያውቁት ነበር? አሁን እናንተ የልጆቻችሁን ታውቁታላችሁ?


የለገሃሬ ልጅ
ማክሰኞ፣ ማታ 4 ሰዓት

እህቴ፣ የቆየ ቁስል ነው የነካሽው።

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ዛሬ ድሬ፣ ነገ ጅቡቲ፣ ከነገ ወዲያ አዋሽ። ሰባተኛ ክፍል እያለሁ ከአንድ ልጅ ጋር ተደባደብኩና ወላጅ አምጣ ተባልኩ። አባቴን መንገር ፈራሁ። መጋላ ሄጄ አንድ ተሸካሚ ሁለት ብር ከፍዬ «አጎቴ ነው» ብዬ ይዤው ገባሁ። ሰውዬው ዳይሬክተሩ ፊት ቆሞ ጆሮዬን ጠምዝዞ ተቆጣኝ። ከልቡ ነው የተቆጣኝ። ስንወጣ ሁለቱን ብር መለሰልኝና «አባትህ ቢሰማ ምን ይሰማዋል? ሁለተኛ እንዳትለምድ» አለኝ። እስከ ዛሬ ስሙን አላውቀውም።

አባቴ ትምህርት ቤቴን ሳያይ ነው ያረፈው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴን ሳሳየው ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን ሁሉ አየ፣ ምን እንደሚፈልግ አላወቀም። ይወደኝ ነበር፣ በዚህ አልጠራጠርም። ግን በሩን እንዴት እንደሚያልፍ የነገረው ሰው አልነበረም።


የአሸዋዋ ነጋዴ
ማክሰኞ፣ ማታ 4 ሰዓት ተኩል

አቦ፣ ጽሑፉን ሰው አነበበልኝ፣ ይሄንንም እኔ እያልኩ ሰው ነው የሚጽፍልኝ። ቆንጆ ነው፣ ግን እኔ የማየውንም ልናገር።

እኔ አሸዋ ገበያ ነው የምሠራው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እዚያው ነኝ። የወላጅ ስብሰባ የሚጠራው መቼ ነው? ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት። ደብዳቤውን ልጅቷ ዋዜማው ማታ ነው የምታመጣልኝ። ዘግቼ ብሄድ የዚያ ቀን እንጀራ ቀረ ማለት ነው። ሄጄም አይቻለሁ። ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ይጀመራል። ሪፖርት ይነበባል። ከዚያ አጥር ፈርሷል፣ ወንበር ተሰብሯል፣ ይሄን ያህል አዋጡ ነው። ስለ ልጄ አንድ ሰው አንድ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ስሟንም የሚያውቅ አልነበረም።

ያቺ ሴትዮ የሐኪም ሚስት ናት፣ ሳሎን አላት። እኔ ሳሎን የለኝም። አንድ ክፍል ነው የምንኖረው። ወላጅ አይከታተልም ሲባል ስሰማ በጣም ነው የሚያመኝ። ሌሊት ኩራዝ ለኩሼ ደብተሯን የማየው እኔ ነኝ። ማንበብ ባልችልም ቀይ እስክሪብቶ የበዛበትን ገጽ እለያለሁ።


የከዚራ እናት
ማክሰኞ፣ ማታ 5 ሰዓት

የአሸዋዋ እህቴ፣ በጣም ልክ ነሽ። ጽሑፌ ላይ ይሄን ማንሳት ነበረብኝ። ሴሊና የተማረችና የተሻለ ኑሮ ያላት ሴት ነበረች፣ አይካድም። ግን ማኅበሩ በእሷ ብቻ አልቆመም። በዚያ ዘመን አትላንታ ውስጥ ከቤቷ ውጪ የምትሠራ ጥቁር ሴት ባብዛኛው ወይ ልብስ አጣቢ ናት ወይ የሰው ቤት ሠራተኛ። ለጥቁር ልጆች ትምህርት ቤት መንግሥት የሚሰጠው በጀት ደግሞ ለነጮቹ ከሚሰጠው ጋር አይገናኝም ነበር። በደቡቡ አገር ብዙ ቦታ ጎድሎ የነበረውን የሞሉት እነዚያ እናቶች ናቸው። ምግብ እየሸጡ፣ ሳንቲም እያዋጡ።

ስለ ቀይ እስክሪብቶው የጻፍሽውን ደግሞ ሁለቴ አነበብኩት። ክትትል ማለት ያ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ትምህርት ቤቱ ግን አንቺ ይሄን እንደምታደርጊ አያውቅም።


መምህር ከጁገል
ረቡዕ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል

ልጆቼ፣ እንደምን አደራችሁ። ሐረር ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። በሌላው ወገን ያለውንም ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ስለ ሴትዮዋ ትንሽ ልጨምር። ሴሊና ስትነሳ የነጮቹ ማኅበር ቀድሞ ነበር። እ.ኤ.አ. የካቲት 17 ቀን 1897 አሊስ በርኒና ፊቢ ኸርስት የተባሉ ሁለት ሴቶች ዋሽንግተን ላይ የእናቶች ብሔራዊ ኮንግረስ የሚባል ጠርተው ከ2,000 በላይ ሰው መጣ። አሊስ እንዲያውም የጆርጂያ ተወላጅ ናት፣ የሴሊና አገር ልጅ። ግን በደቡቡ ክፍል ሕጉ ስለሚከለክል ጥቁሮቹ የራሳቸውን ማቋቋም ነበረባቸው። ሁለቱ ማኅበራት የተዋሐዱት በ1970 ነው። ሴሊና ያረፈችው በ1964 ነው፣ ስለዚህ ውሕደቱን አላየችም። ዛሬ ግን የተዋሐደው ማኅበር ከአሊስና ከፊቢ ጋር ሦስተኛዋ መሥራች ብሎ ነው የሚጠራት።

ወደኛ ስንመጣ፣ በወረቀት ደረጃ አልጎደለብንም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አስተዳደሩ ወደ ታች እንዲወርድና ኅብረተሰቡ እንዲሳተፍ ይል ነበር። በ1994 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ትምህርት አመራር፣ ስለ ኅብረተሰብ ተሳትፎና ስለ ፋይናንስ መመሪያ ወጣ። ዛሬ ወተመህ የምንለው፣ የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት፣ ሥልጣኑ ብዙ ነው። የትምህርት ቤቱን ዕቅድ ያያል፣ በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ የሚመጣውን ድጎማ ምን ላይ እንደዋለ ይጠይቃል፣ የዲሲፕሊን ጉዳይ ይመለከታል። መጠየቅ የሚችል ወላጅ ግን ሲመረጥ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው ለፊርማ የሚመች ሰው ነው። በዚህ እኛ መምህራንም ድርሻ አለን።

አስተማሪ ወላጅን ይፈራል። ይሄን በግልጽ የሚናገር የለም። ስድሳ ሰባ ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ይዘህ፣ ወላጅ መጥቶ «ልጄ እንዴት ነው?» ቢልህ ምን ትመልሳለህ? ስሙን ለማስታወስ ትቸገራለህ። ከማፈር አለመገናኘት ይሻላል ብለህ ትሸሻለህ። እኔም ለብዙ ዓመት ሸሽቻለሁ።

የለወጠኝ አንድ ልጅ ነው። ስድስተኛ ክፍል ነበር። ሁልጊዜ መጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ይተኛል። ቀጣሁት፣ አስወጣሁት፣ ወላጅ አምጣ አልኩት፣ አላመጣም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጁገል ውስጥ እየጠየቅሁ ቤቱ ሄድኩ። አያቱ ናቸው የተቀበሉኝ። ሐሸር ቃህዋ፣ የቡና ገለባ መጠጥ፣ ቀዱልኝና እጄን ይዘው «ልጁ ሞተ ልትሉኝ ነው?» አሉኝ። መምህር ቤታቸው የሚመጣው ለመርዶ ብቻ መስሏቸው ነው። ለካ ልጁ ሌሊት ዳቦ ቤት ይሠራል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይነሳል። አያትየውን የሚያኖረው እሱ ነው። እኔ ያን ልጅ ስንት ጊዜ አቁሜዋለሁ።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አንድ ቤት እሄድ ጀመር። ሁሉንም አላዳረስኩም። ግን «ወላጅ አምጣ» የሚለውን ተውኩት። በዓመት ሠላሳ ቤት ማለት ቀላል አይደለም።


ገንደ ቆሬ
ረቡዕ፣ ቀን 7 ሰዓት

ጋሼ፣ አስለቀሱኝ።

እኔ ያልተነሳ አንድ ነገር ላንሳ። ቋንቋ። እናቴ ኦሮምኛ ብቻ ነው የምትናገረው። እኔ የተማርኩት በአማርኛ ነው። ድሬ ላይ በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሶማሊኛም የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች አሉ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የወላጅ ስብሰባው ግን ባንድ ቋንቋ ብቻ ነው። ከጎናቸው የተቀመጠ ሰው ካልተረጎመላቸው እናቶች ዝም ብለው ይሰማሉ። እጅ አውጡ ሲባል ሌላው ሲያወጣ ያወጣሉ። እናቴ አንድ ጊዜ ለምን እንዳወጣች ስጠይቃት «ሁሉም አወጡ» አለችኝ። ያወጣችው ለመዋጮ ነበር።

አምስተኛ ክፍል ሆኜ ካርዴን የምተረጉምላት እኔ ነበርኩ። ሒሳብ 41 አምጥቼ «ጎበዝ ናት ይላል» አልኳት። ግንባሬን ሳመችኝ። ለጎረቤት ሁሉ ተናገረች። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዛሬ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ያ ስሞሽ አሁንም ግንባሬ ላይ ያለ ይመስለኛል።

አንድ አስተማሪ አንድ ጊዜ እንኳ እናቴን በቋንቋዋ አነጋግሯት ቢሆን ያ ሁሉ አይመጣም ነበር። ድሬ ውስጥ ደግሞ ሦስት ቋንቋ የማይናገር ሰው ማግኘት ነው የሚከብደው! ሱቅ የሚጠብቀው ልጅ እንኳ ይተረጉማል። ለስብሰባ ሲሆን ለምን ይጠፋል?


ሳቢያን 02
ረቡዕ፣ ማታ 2 ሰዓት

ሁላችሁንም አክብሬ፣ በተቃራኒው ልናገር። የግል ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። እኛ ጋ ችግሩ የወላጅ መጥፋት አይደለም፣ የወላጅ መብዛት ነው።

ኮሚኒኬሽን ቡክ፣ ማለትም ከወላጅ ጋር የምንጻጻፍበት ደብተር፣ አለ፣ በየቀኑ እንጽፋለን። የቴሌግራም ግሩፕ አለ። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ «ልጄ ለምን ከፊት አልተቀመጠም» የሚል መልእክት ይመጣል። ለምን 8 ሆነ፣ 10 አይሆንም ወይ ብለው የሚከራከሩ አሉ። የምከፍለው ገንዘብ ነው፣ ውጤቱን አምጣ ዓይነት ነገር። ዳይሬክተሩ ደግሞ ከወላጁ ጋር ይወግናል። ከዚያ ልጁ ያለዕውቀት ያልፋል።

የ12ኛ ክፍል ፈተናን አስታውሱ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2015 ደግሞ 3.2። ያን ጊዜ ወላጅ ሁሉ ደነገጠ። እስከ 11ኛ ክፍል ግን ካርዱ ላይ 85 እና 90 ነበር። ያን ቁጥር ከጠየቁት ውስጥ ወላጆችም ነበሩበት። ስለዚህ ወላጅ ይግባ ስትሉ፣ ገብቶ ምን እንደሚያደርግ አብራችሁ ንገሩን።


መምህር ከጁገል
ረቡዕ፣ ማታ 3 ሰዓት

የሳቢያኑ ልጄ፣ ያልከው እውነት ነው፣ ደግሞም ደፍረህ ተናገርከው።

የሴሊናን ማኅበር ስም እይ። የወላጆችና የመምህራን ነው የሚለው። ሁለቱ እኩል ተቀምጠው ስለ አንድ ልጅ የሚያወሩበት ቤት ነው የሠራችው። እሷ ራሷ አስተማሪ ነበረች፣ የመምህርን ጭንቀት ታውቃለች። የቴሌግራሙ ወላጅ ውጤት ነው የሚጠይቅህ። «ልጄ ምን አልገባውም?» ብሎ ቢጠይቅህስ? ያን ጊዜም ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ስልክህን ዝጋና ተኛ፣ እሱ መብትህ ነው። ቀን ላይ ግን የምትነግረው ነገር ይኖርሃል። የከዚራዋ እናት ስለ «መስኮት»ና «መስቀል» የጻፈችውን ተመልከት። መምህርቷ ይሄን የነገረቻት ማርክ ስላልጠየቀቻት ነው።

ጆይስ ኤፕስታይን የሚባሉ አሜሪካ የሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የወላጅን ተሳትፎ በስድስት ይከፍሉታል። ሁሉንም አልዘረዝርም። ከስድስቱ አንዱ ቤት ውስጥ ልጁን በትምህርቱ ማገዝ ነው፣ አንዱ ደግሞ ውሳኔ ላይ መካፈል። እኛ አገር ተሳትፎ ሲባል ወዲያው የሚታሰበን መዋጮው ብቻ ነው። ለዚህ ነው ወላጅ ስብሰባ ሲጠራ ኪሱን የሚዳብሰው።


የአፎቻ ልጅ
ሐሙስ፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ ሐረሪ ነኝ፣ ጁገል ውስጥ ተወልጄ ነው ያደግሁት።

ይሄን ሁሉ ሳነብ እኔ የታየኝ አፎቻችን ነው። ለማታውቁት፣ አፎቻ እንደ ዕድር ነው። ሠርግም ሐዘንም አብረን ነው። የሴቶቹ ለብቻ፣ የወንዶቹ ለብቻ። እናቴ በሕይወቷ ከአፎቻ ቀርታ አታውቅም። ታማም ቢሆን ትሄዳለች። የትምህርት ቤት ስብሰባ ግን አንድም ቀን ሄዳ አታውቅም። ለምን ይመስላችኋል? አፎቻ ላይ ስሟን ያውቃሉ። ስትቀር «ምን ሆነች?» ብለው ቤቷ ይመጣሉ። ትምህርት ቤት ብትቀር ማንም አይጠይቅም፣ ብትሄድም ማንም አያውቃት።

እኛ ሰፈር ባለፈው ዓመት አንድ ነገር ሞከርን። የሴቶቹ አፎቻ በተሰበሰበ ቀን አንዲት መምህርት ጋበዝን። ጫማዋን አውልቃ ነደባው፣ የሐረሪ ቤት መደቡ፣ ላይ አብራን ተቀመጠች። መጀመሪያ ዝም ነበር። ከዚያ አንዲት እናት «ልጄ ምሳውን ሳይበላ ለምን ይመልሰዋል?» አለች። ሌላዋ ቀጠለች። መምህርቷ ስትሄድ መሽቶ ነበር። እናቶቹን ወደ ትምህርት ቤት ከመጥራት ትምህርት ቤቱ ወደ እናቶቹ ቢመጣ ይቀላል ነው የምለው።


ሸዋ በር
ሐሙስ፣ ቀን 6 ሰዓት

የአፎቻዋ እህቴ፣ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። አንድ ስጋት ግን አለኝ። እኛ ከሌላ አገር መጥተን ሐረር የምንኖረው አፎቻ ውስጥ የለንም። ዕድር አለን። ከገጠር ከብት ሽጦ ልጁን ዘመድ ቤት አስቀምጦ የሚያስተምረው ገበሬ ደግሞ ሁለቱም ውስጥ የለም። የሱ ልጅ ማን ይጠይቅለታል? ያንን ልጅ አውቀዋለሁ። እኔ ነበርኩ። ወላጅ ይምጣ ሲባል አባቴ ያለበት ድረስ የእግር መንገዱ አንድ ቀን ይፈጃል።


የአፎቻ ልጅ
ሐሙስ፣ ቀን 8 ሰዓት

ወንድሜ፣ አላሰብኩትም ነበር። እንግዲህ በሰፈር ይሁን፣ በአፎቻ ብቻ አይሁን። የሰው ቤት ሆኖ የሚማር ልጅ ደግሞ ያስጠለለው ሰው እንደ ወላጅ ይቆጠርለት። እኛ ቤትም እንደዚያ የሚማር ልጅ አለ። ከአሁን በኋላ የሱንም ስብሰባ እሄዳለሁ።


የለገሃሬ ልጅ
ሐሙስ፣ ማታ 1 ሰዓት

ስለ ሴሊና በኋላ ሕይወት የሚያውቅ አለ? ጉጉት ያዘኝ።


የከዚራ እናት
ሐሙስ፣ ማታ 3 ሰዓት

የማውቀውን ልጻፍልህ። ፕሬዚዳንት ሁቨር ስለ ሕፃናት ጤናና ጥበቃ የዋይት ሐውስ ጉባኤ ሲጠሩ እሷንም ከተሳታፊዎቹ መድበዋታል። ዘመኑን አስበው፣ በ1929 እና 30 አካባቢ ነው። በ1931 ባሏ ሞተ። ከዚያ ከልጇ ጋር እንግሊዝ አገር ሄዳ እዚያም ከሕፃናት መዋያ ማኅበር ጋር ሠራች። ያ ሳሎኗ ውስጥ ፊደል ያስቆጠረችው ልጅ እንደ አባቱ ሐኪም ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ልጇ አሪዞና ፎርት ዋቹካ የጦር ሰፈር ሲመደብ ደግሞ እዚያ ሆስፒታል ውስጥ በጎ ፈቃደኛ ጥቁር ሴቶችን አደራጀች። የትም ስትሄድ ሰው ታሰባስባለች። ያረፈችው ሎስ አንጀለስ ነው፣ የተቀበረችው ግን አትላንታ፣ ከባሏ ጎን። ያ የያንግ ስትሪት ትምህርት ቤት አጠገብ ያለ መናፈሻም በስሟ ተሰይሟል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ይሄን ውይይታችንን ለልጄ መምህርት አሳየኋት። ዳይሬክተሩም አነበበው። «እንሞክር» ብለውኛል። የአሸዋዋ እህቴና ገንደ ቆሬ ያላችሁትን ይዤ ነው የገባሁት። ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ 10 ሰዓት፣ ሙቀቱ በረድ ሲል። ገንዘብ የሚባል ቃል አይነሳም። ሦስት ቋንቋ ይኖራል።


የከዚራ እናት
እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት

ትናንት ተሰበሰብን። የሆነውን ልንገራችሁ።

የሦስተኛ ክፍል ወላጆች ብቻ ነን። 19 እናቶችና 3 አባቶች መጡ። ከ58 ተማሪ አንጻር ጥቂት ነን፣ አውቃለሁ። ሶማሊኛውን ሱቅ ያላት አንዲት እናት ተረጎመች። ኦሮምኛውን ደግሞ ዘበኛው አባባ! «እኔ እችላለሁ» ብለው ከበር መጡ። መምህርቷ ለእያንዳንዳችን የልጃችንን የንባብ ደብተር ሰጠችንና ልጆቹ ለኛ እንዲያነቡ አደረገች። ማንበብ የማይችሉ እናቶች ነበሩ። እሷ ያለችው ይሄ ነው፦ ልጁ በጣቱ እያንዳንዱን ፊደል እየነካ ያንብብ፣ አንቺ ጣቱን ተከተዪ። ጣቱ ከዘለለ «ተመለስ» በዪው። ማንበብ ባትችዪም ጣቱ ሲዘል ታያለሽ። በቀን አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል።

የኔው ልጅ «መስ» ብሎ ቆመ። ጣቱ «ኮ» ላይ ነበር። አላቀበልኩትም። ቆየና «ኮት» አለ።

አጠገቤ አንድ ሙሉ ሽርጥ የለበሱ አባት ነበሩ። ልጃቸው ስታነብላቸው አንድ ቃል አልተናገሩም፣ ጣቷን ብቻ ይከተላሉ። ስትጨርስ ድጋሚ ከመጀመሪያው እንድታነብ ጠየቋት።

ሁሉም አልተስተካከለም። ሁለት እናቶች መሐል ላይ ተነስተው ሄዱ፣ ሥራ ስላላቸው። አንድ አባት «መዋጮው ስንት ነው?» ብለው ሦስት ጊዜ ጠየቁ፣ የለም ሲባሉ አላመኑም። ያልመጡትን 36 ልጆች ወላጆች እንዴት እንደምናገኛቸው ገና አልተነጋገርንም።


የአሸዋዋ ነጋዴ
እሑድ፣ ማታ 2 ሰዓት

የጣቱን ነገር ዛሬ ከልጄ ጋር ሞከርኩት። ሁለት ቦታ ዘለለች፣ ሁለቱንም ያዝኳት። «እማዬ፣ እንዴት አወቅሽ?» አለችኝ።

ስሚኝ፣ የኔዋ አራተኛ ክፍል ናት፣ ሌላ ትምህርት ቤት ነው። ያቺ መምህርት እኛ ጋ መጥታ ለአንድ ቀን ብታሳይልን ትፈቅዳለች? አሸዋ ላይ ልጅ ያላቸው ሴቶች አሥራ ሁለት እንሆናለን። ቦታ ካስፈለገ ከሱቄ ጀርባ መጋዘን አለ፣ ዕቃውን ገፋ ገፋ ካደረግነው ያስቀምጠናል።


የከዚራ እናት
እሑድ፣ ማታ 2 ሰዓት ተኩል

ነገ ጠዋት ልጄን ሳደርስ እጠይቃታለሁ። ምንጣፍ እኔ አመጣለሁ። ገንደ ቆሬ፣ ለትርጉም ትመጫለሽ?


ገንደ ቆሬ
እሑድ፣ ማታ 2 ሰዓት ተኩል

እመጣለሁ። እናቴንም ይዣት እመጣለሁ።